ደመወዛችን ከማን ኪስ ይወጣል? ስለ መምህራን ኮንትራት፣ ስለ በጀትና ስለ ሕክምና



እንደሚታወቀው በዚህ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ማስተማር ዘዴ፣ ስለ ፈተና ዝግጅትና ስለ ንባብ ልማድ ነው። ዛሬ ግን ርዕሱ ወጣ ያለ ነው፤ ስለ ገንዘብ ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ባለፈው ተርም ስምንተኛ ክፍል ስለ መቶኛ እያስተማርኩ ሳለ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ከድንበሩ ወዲያ ያሉት መምህር፣ እዚህ ሞያሌ ከተማ ያሉት የኬንያ መምህርና እርስዎ ሦስታችሁም የምታስተምሩት ያንኑ መቶኛ ነው። ደሞዛችሁ ግን ለምን አንድ አይደለም?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ደወል እስኪደወል ድረስ ግን የሚረባ መልስ አልሰጠኋትም።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ብዙዎቻችን አዲስ የኮንትራት ወረቀት ይሰጠናል። አብዛኞቻችን ደግሞ የምናነበው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ የወር ክፍያው ስንት እንደሆነ። እኔም ራሴ እንደዚያ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት አካውንቲንግ ተምሬ፣ ሳልጨርስ አገር ለቅቄ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ እንዲያም ሆኖ የራሴን ኮንትራት አንድም ቀን እንደ ሒሳብ ሰነድ አንብቤው አላውቅም ነበር። ያስተማረኝ የአንድ ባልደረባችን መታመም ነው። ወደ እርሱ ኋላ እመለሳለሁ።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. በጀት ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው በጀት ሲባል «ያለው ገንዘብ» ይመስለዋል። አይደለም። በጀት ገና ያልመጣ ገንዘብ ለምን እንደሚውል አስቀድሞ የሚጻፍበት ዕቅድ ነው። ሦስት ነገር አለው፤ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ለምን ይውላል? ከመቼ እስከ መቼ?

መምህር ሲቀጠር በዚህ ዕቅድ ውስጥ አንድ መደብ ይያዝለታል። መደቡ ካለ ሰውየው ቢለቅ እንኳ ቦታው ይቀመጣል፤ ሌላ ሰው ይተካል። መደቡ ከሌለ ግን ሰውየው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ወረቀቱም የቱንም ያህል ማኅተም ቢበዛበት፣ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው።

በትምህርት ሥራ ደግሞ ትልቁ ወጪ ሕንጻም መጽሐፍም አይደለም፤ ሰው ነው። በአሜሪካ የትምህርት ዲስትሪክቶች ከሥራ ማስኬጃው ገንዘብ ከ100 ዶላር ውስጥ 80 ያህሉ የሚሄደው ለደመወዝና ለጥቅማ ጥቅም ነው። በኢትዮጵያ ወረዳዎችም የትምህርት መደበኛ በጀት በአብዛኛው ደመወዝ ነው፤ ለጠመኔና ለጥገና የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚነካው ጠመኔው ነው፣ ቀጥሎ መምህሩ። ይህን በልባችሁ ያዙ፤ ኋላ በቁጥር እናየዋለን።

2. የኬንያው ሞያሌ፦ ገንዘቡ ከናይሮቢ ነው

ከካምፕ ወጥታችሁ ወደ ከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤት ብትገቡ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ዓይነት መምህር ልታገኙ ትችላላችሁ።

አንደኛው የመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን፣ ሁላችንም ቲ.ኤስ.ሲ. የምንለው መሥሪያ ቤት የቀጠረው ነው። ቲ.ኤስ.ሲ. በ1967 ተቋቋመ፤ በ2010 ሕገ መንግሥት ደግሞ ራሱን የቻለ ሕገ መንግሥታዊ ኮሚሽን ሆነ። የዚህ መምህር ደመወዝ ከናይሮቢ ይመጣል። በሞያሌ ዝናብ ቢጠፋ፣ ንግድ ቢቀዘቅዝ፣ ድንበሩ ቢዘጋ ደመወዙ አይቀርም። እንዲያውም ማርሳቢት ካውንቲ የችግር ቦታ ተብሎ ስለተመደበ ተጨማሪ አበል አለው።

ሁለተኛዋ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። በአዲሱ ሕገ መንግሥት የቅድመ መደበኛ ትምህርት ከ2013 ጀምሮ ሥራ ለጀመሩት 47 ካውንቲዎች ስለተሰጠ፣ እርሷን የሚከፍላት ማርሳቢት ካውንቲ ነው።

ሦስተኛው መደብ ሲጎድል የትምህርት ቤቱ ቦርድ ራሱ የሚቀጥረው ነው። የዚህ ሰው ክፍያ ወላጅ በሚያዋጣው ላይ የተንጠለጠለ ነው። ወላጅ ከብቱ ካለቀበት መምህሩም ደመወዙ ያልቃል።

አያችሁ? አንድ ግቢ፣ አንድ ደወል፣ ሦስት ኪስ። ልዩነቱን የሚያመጣው ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ መደቡ የተያዘበት ቦታ ነው።

በ2003 የኬንያ መንግሥት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በነፃ ሲያደርግ ለአንድ ተማሪ በዓመት 1,020 ሽልንግ መደበ። ይህ ገንዘብ ለመጽሐፍና ለትምህርት ቤት ማስኬጃ ነበር፤ የመምህራኑ ደመወዝ ግን በሌላ መስመር በቲ.ኤስ.ሲ. በኩል ነው የሚመጣው። ተማሪው እንደ ጎርፍ ሲመጣ የመምህራን መደብ በዚያው ፍጥነት አላደገም። ክፍሎቹ ለምን እንደዚያ እንደተጨናነቁ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ለተማሪ መበጀትና ለመምህር መበጀት ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው።

ስለ ኮንትራት ደግሞ ትልቁ ትምህርት የመጣው በቅርቡ ነው። መንግሥት በ2023 ለጁኒየር ሁለተኛ ደረጃ ብዙ መምህራንን «ኢንተርን» ብሎ በወር 20,000 ሽልንግ ቀጠረ። ሥራቸው ሙሉ የመምህር ሥራ ነው፤ መደባቸው ግን ቋሚ አይደለም፣ ጡረታም አያስቆጥርም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በኤፕሪል 2024 የሥራና የሠራተኛ ጉዳይ ፍርድ ቤት አሠራሩ ሕግን የጣሰ ነው አለ። መምህራኑም ሥራ አቁመው ሰልፍ ወጡ። በመጨረሻ ለዚሁ የሚሆን ገንዘብ በ2024/25 በጀት ተያዘና ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ 46,000 ያህሉ ቋሚ ሆኑ። ልብ በሉ፤ ፍርዱ ብቻውን ቋሚ አላደረጋቸውም፣ ሰልፉም ብቻውን አላደረጋቸውም። ነገሩ ያለቀው በጀቱ ላይ መስመር ሲጻፍ ነው።

3. የኢትዮጵያው ሞያሌ፦ ገንዘቡ ከወረዳ ነው

አሁን ድንበሩን እንሻገር። ከኬላው ማዶ ያለው መምህር ደመወዙን የሚያገኘው ከወረዳው ነው። የገንዘቡ ጉዞ እንዲህ ነው፤ የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች ድጎማ ይሰጣል፣ ክልሉ በቀመር ለወረዳዎች ያከፋፍላል፣ የወረዳው ምክር ቤት ያጸድቃል፣ የወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ይከፍላል። ወረዳዎች በዚህ መንገድ የራሳቸውን ጥቅል በጀት መያዝ የጀመሩት ከ2002/03 ወዲህ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች ነው።

ሞያሌ ደግሞ የራሷ የሆነ ነገር አላት። የኢትዮጵያው ሞያሌ በአንድ ከተማ ውስጥ የኦሮሚያም የሶማሌም አስተዳደር ያለባት ናት። ስለዚህ የኬንያውን ጨምረን ከቆጠርን፣ በእግር በሚዳረስ ርቀት ውስጥ ያሉ መምህራን ከሦስት የተለያዩ መንግሥታዊ በጀቶች ይከፈላቸዋል።

የወረዳ አሠራር ጥሩ ጎን አለው። ውሳኔው ቅርብ ነው፤ መምህሩ ለማን እንደሚያመለክት ያውቃል። ድካሙ ደግሞ ይህ ነው፤ ወረዳው ራሱ ከላይ በሚመጣ ድጎማ የሚኖር ስለሆነ ከላይ ሲደርቅ ከታችም ይደርቃል። ከ2005 ምርጫ በኋላ ለጋሾች ለመንግሥት በቀጥታ የሚሰጡትን ድጋፍ ሲያቋርጡ የመምህራን፣ የጤናና የግብርና ሠራተኞች ደመወዝ አደጋ ላይ ወደቀ። ለዚህም ነው በ2006 የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ የሚባለው ፕሮግራም የመጣው፤ ገንዘቡ በወረዳ ድጎማ በኩል ለነዚሁ ሠራተኞች ደመወዝ እንዲደርስ። በትግራይ ጦርነት ጊዜ፣ ከ2020 እስከ 2022፣ ደግሞ የመንግሥት መምህራን መደብ እያላቸው ከአንድ ዓመት በላይ ደመወዝ ሳያገኙ ኖረዋል። መደብ ትልቅ ነገር ነው፤ ሰላም ከሌለ ግን እርሱም ብቻውን አያበላም።

በሴፕቴምበር 2025 የኢትዮጵያ መንግሥት የሠራተኛ ደመወዝ አሻሽሏል። በዚህም የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው አዲስ ተቀጣሪ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ለተማሪዎቼ፦ ጭማሪው በመቶኛ ስንት ነው? (መልሱን መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ።)

4. የእኛ ካምፕ፦ ገንዘቡ ከፕሮጀክት ነው

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንምጣ። የኛ ክፍያ «ደመወዝ» አይባልም፤ «ኢንሴንቲቭ» ይባላል። ይህ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ስደተኛ ያለ ሥራ ፈቃድ በኬንያ እንደ ተራ ሠራተኛ ስለማይቀጠር፣ በካምፕ የሚሠራው ሥራ ለማበረታቻ ያህል እንደሚከፈል ነው የተቆጠረው። በ2021 የወጣው የስደተኞች ሕግ በር ቢከፍትም፣ በማርች 2025 ይፋ የሆነው የሺሪካ ዕቅድም ካምፖችን ወደ ተራ ከተማነት ለመለወጥ ቢያስብም፣ አብዛኛው የካምፕ መምህር ዛሬም በኢንሴንቲቭ ነው የሚያስተምረው።

ገንዘቡ የሚመጣው ከለጋሽ ነው፤ በለጋሹና በእኛ መሐል ያለው ድርጅት ደግሞ የፕሮጀክት ውል ይፈርማል። ፕሮጀክቱ ለአንድ ዓመት ከሆነ የኛም ኮንትራት ከአንድ ዓመት ሊያልፍ አይችልም። ድርጅቱ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ የሌለውን ገንዘብ መፈረም ስለማይችል ነው። በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ በኬንያ ካምፖች ራሽን መቀነሱንና የትምህርት ፕሮጀክቶች መነካታቸውን ሁላችንም አይተናል። ውሳኔው የተሰጠው በዋሽንግተን ነው፤ ክፍሉ የተጨናነቀው ግን እዚህ ነው።

የስደት ትምህርት ለምን በዓመት በዓመት ይበጀታል? ምክንያቱም መነሻው ድንገት ነው። በማርች 2018 ከድንበሩ ማዶ ወታደሮች ሰላማዊ ሰዎችን ከገደሉ በኋላ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደዚህኛው ሞያሌ ተሻገረ። እንዲህ ያለ ነገር በማንም በጀት ውስጥ ቀድሞ አይጻፍም። ችግሩ ድንገት የመጣው ሕዝብ ዓመታት ሲቆይ፣ ልጁም አንደኛ ክፍል ገብቶ ስምንተኛ ሲደርስ፣ በጀቱ ግን አሁንም «ድንገተኛ» እንደሆነ መቅረቱ ነው።

የበጀት ዘመኑም አንድ አይደለም። የኬንያ መንግሥት ዓመት ጁላይ 1 ይጀምራል። የኢትዮጵያው ሐምሌ 1 ነው፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 8 መሆኑ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ዓመት ኦክቶበር 1 ይጀምራል። የብዙ ፕሮጀክቶች ዓመት ደግሞ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። አንዱ አልቆ ሌላው ሳይጀምር መሐል ላይ ክፍተት ሊፈጠር ይችላል። በዚያ ክፍተት ውስጥ ልጆቹ ትምህርት ቤት መምጣታቸውን አያቆሙም።

ያ ባልደረባችን የታመመው እንደዚህ ባለ ክፍተት ውስጥ ነው። የሒሳብ መምህር ነበር። ኮንትራቱ ዲሴምበር 31 አለቀ፤ አዲሱ የሚጀምረው ማርች 1 ነው ተባለ። ጃንዋሪንና ፌብሩዋሪን ሁላችንም ያለ ክፍያ አስተማርን፤ ልጆቹ ፈተና ነበረባቸው። በፌብሩዋሪ አጋማሽ ሆዱን ያዘው። ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል፣ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይሂድ ተባለ። ለመኪናም ለሕክምናም ማን ይክፈል? ሠራተኛ ነው ብለን ብንጠይቅ «ኮንትራት የለውም» ተባልን። እውነትም አልነበረውም። አንዲት እናት ነጠላዋን ዘረጋች፤ መምህሩም ተማሪውም ነጋዴውም እየወረወረ ተሰበሰበ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰውየው ተርፏል። ዕዳው ግን ከኢንሴንቲቩ የሚወጣ አልሆነም። ዛሬ ድንበር ላይ ዕቃ ጫኝና አውራጅ ነው። ስምንተኛ ክፍል መቶኛን እኔ የማስተምረው በእርሱ ቦታ ገብቼ ነው።

5. በቁጥር እንየው

እንግዲህ ስሌቱን እንሥራ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ የማንንም ትምህርት ቤት አይወክሉም።

1,000 ተማሪዎችና 20 መምህራን ያሉት ትምህርት ቤት አለ እንበል። አንድ መምህር በወር 8,000 ሽልንግ ያገኛል፤ በዓመት 96,000 ነው። ለ20 መምህራን 1,920,000 ሽልንግ ይሆናል። ለጠመኔ፣ ለደብተር፣ ለፈተና ወረቀትና ለጥገና 480,000 እንጨምር። ጠቅላላ በጀቱ 2,400,000 ሽልንግ ነው። የመምህራን ድርሻ 80 በመቶ መሆኑን አስተውሉ።

ለጋሹ በጀቱን በሩብ ቀነሰ እንበል። 600,000 ጎደለ፤ 1,800,000 ቀረ። ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው፦ መምህር አንነካም ማለት ነው። ጠመኔውን፣ ወረቀቱን፣ ጥገናውን በሙሉ ሰርዘን 480,000 እናተርፋለን። አሁንም 120,000 ይጎድለናል፤ ይህም ከአንድ መምህር ዓመታዊ ክፍያ በላይ ነው። ስለዚህ ያለ ጠመኔ እያስተማርን እንኳ ሁለት ሰው መሸኘት አለብን።

ሁለተኛው፦ ሌላውን ወጪ ሳንነካ ከመምህራን ብቻ መቀነስ ነው። 600,000 ለ96,000 ሲካፈል ስድስት ከሩብ ይመጣል፤ ሰው ደግሞ ሩብ የለውም፣ ሰባት መምህር ይሰናበታል። 13 ይቀራሉ። በፊት ለአንድ መምህር 50 ተማሪ ይደርስ ነበር፤ አሁን 77 ይሆናል።

ቅነሳ ሲመጣ ድርጅቱ ለምን ከእነዚህ በአንዱ እንደሚሄድ ከዚህ ይገባችኋል። ግን ደግሞ ሌላም ነገር ይገባችኋል፤ የትኛው ይሻላል የሚለው የሒሳብ ጥያቄ ብቻ ስላልሆነ መምህራንና ወላጆች ሊጠየቁበት ይገባል።

6. ሕክምናስ? መድህን ማለት በሌላ አነጋገር እድር ነው

የጤና መድህን ሲባል ብዙ ሰው የነጭ ነገር ይመስለዋል። እኛ ግን ከጥንት የምናውቀው ነገር ነው። እድር ምንድነው? ሁሉም በየወሩ ትንሽ ትንሽ ያዋጣል፤ ሐዘን ለደረሰበት ከቋቱ ይሰጠዋል። ማን ቀድሞ እንደሚደርስበት አይታወቅም፤ ስለማይታወቅም ነው ሁሉም የሚያዋጣው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለዚህ ነው። የጤና መድህንም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ለቀብር ሳይሆን ለመዳን መሆኑ ነው።

በኬንያ የቲ.ኤስ.ሲ. መምህራን ቀድሞ የሕክምና አበል በእጃቸው ያገኙ ነበር። ኋላ አበሉ ተሰብስቦ በጋራ የመድህን ሽፋን ተገዛበት። ከዲሴምበር 2025 ጀምሮ ደግሞ ወደ መንግሥት የማኅበራዊ ጤና ባለሥልጣን ሽፋን ተዛውረዋል። ይህ ባለሥልጣን በ1966 የተቋቋመውን የድሮውን የሆስፒታል መድህን ተክቶ ኦክቶበር 1 ቀን 2024 ሥራ የጀመረ ነው፤ ተቀጣሪ ከጠቅላላ ደመወዙ 2.75 በመቶ ይከፍላል። 20,000 ሽልንግ የሚያገኝ ሰው በወር 550 ሽልንግ ይቆረጥበታል ማለት ነው። የኬንያ መምህራን ከ300 ሺህ በላይ ናቸው። ቋቱ ሰፊ ሲሆን የአንድ ሰው ኦፕራሲዮን አያናጋውም።

በኢትዮጵያ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በ2010 የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690 ወጣ፤ በ2012 በወጣው ደንብ ሠራተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ እንዲያዋጡ ተወሰነ። 11,500 ብር ለሚያገኝ ሰው ከራሱ 345፣ ከአሠሪው 345 ብር መሆኑ ነው። ነገር ግን ትግበራው በተደጋጋሚ ተራዘመ። ሠራተኛው፣ መምህሩም ጭምር፣ «ደሞዛችን ለወር አይበቃም፤ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ሳይኖረው ለምን እንከፍላለን?» ብሎ ተቃወመ። ባንጻሩ ለገበሬውና ለከተማ መደበኛ ያልሆነ ሠራተኛ የተዘጋጀው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ሰፋ። ውጤቱም ያስገርማል፤ ገበሬው የመድህን ደብተር ይዞ ሲታከም የልጁ መምህር ከኪሱ የሚከፍልበት ጊዜ መጣ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እንወስዳለን። መድህን ያለ መዋጮ አይቆምም፤ መዋጮም ያለ አገልግሎት አይሰበሰብም።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ በምትባል ግዛት በፌብሩዋሪ 2018 በ55ቱም ካውንቲዎች መምህራን ሥራ አቆሙ። ካስቆጣቸው ዋና ነገር አንዱ የጤና መድህን መዋጮአቸው መጨመሩ ነበር። ደመወዝ በአንድ እጅ ተሰጥቶ በሌላው እጅ ለሕክምና ከተወሰደ ጭማሪ አይባልም ነው ያሉት። ወደ ትምህርት ቤት የተመለሱት የ5 በመቶ ጭማሪ ከተፈቀደ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ምሳሌያችን ትምህርት ቤት እንመለስ። የኢትዮጵያን ቀመር ብንወስድ፣ እያንዳንዱ መምህር ከ8,000 ላይ 3 በመቶ፣ ማለትም በወር 240 ሽልንግ ቢያዋጣና ፕሮጀክቱም ያንኑ ያህል ቢጨምር፣ ለ20 ሰው በወር 9,600፣ በዓመት 115,200 ሽልንግ ይሰበሰባል። ከዚህ የፕሮጀክቱ ድርሻ 57,600 ብቻ ነው። ይህ የአንድ መምህር ዓመታዊ ክፍያ እንኳ አይሞላም! ባልደረባችንን ለማጣት የበቃን እንግዲህ ይህች ነገር በማንም በጀት ላይ ስላልተጻፈች ነው።

እርግጥ ነው፣ የ20 ሰው ቋት ትንሽ ነው። በአንድ ዓመት ሁለት ከባድ ሕመም ከደረሰ ይራቆታል። ስለዚህ የአንድ ትምህርት ቤት መምህራን ብቻቸውን ከሚያዋጡ ይልቅ የካምፑ መምህራን በሙሉ፣ ቢቻል የጤናና የማኅበራዊ ሠራተኞችም ጭምር፣ በአንድ ቋት ቢሆኑ ይሻላል።

7. ከመፈረማችን በፊት

የዘንድሮው ወረቀት ሲመጣ እስክሪብቶ ከማንሳታችን በፊት እነዚህን እንጠይቅ።

ሀ. ገንዘቡ ከማን ነው፤ እስከ መቼ ተፈርሟል? ኮንትራቱ የሚያበቃበት ቀንና የፕሮጀክቱ ማብቂያ አንድ ናቸው ወይ?

ለ. በአንዱ ኮንትራትና በሚቀጥለው መካከል ክፍተት አለ? ካለ በዚያ ጊዜ እንድናስተምር ይጠበቃል ወይ? ያለ ክፍያ የሚሠራ ሥራ ቢያንስ በጽሑፍ ይታወቅ።

ሐ. ብንታመም ምን አለ? የሕመም ፈቃድ ስንት ቀን ነው? ሪፈር ስንባል ትራንስፖርቱን ማን ይሸፍናል?

መ. ሊት እናቶች ለሆኑ መምህራት የወሊድ ፈቃድ በክፍያ ነው ያለ ክፍያ?

ሠ. በጀት ቢቀነስ የሚሰናበተው በምን መስፈርት ነው? መቼስ ይነገረናል?

እነዚህን ስንጠይቅ እንደ ጠብ መታየት የለበትም። የፕሮጀክት ኃላፊዎችም ቢሆኑ የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድ የሚጽፉት አስቀድመው፣ ዓመቱ ከመግባቱ ወራት በፊት ነው። ዕቅዱ ከተላከ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ፣ እውነት ቢሆንም፣ ገንዘብ የለውም። ዕቅዱ ሳይላክ የሚቀርብ ጥያቄ ግን አንድ መስመር ሊሆን ይችላል። የኬንያ ኢንተርኖች ነገር ያስተማረን ይህንኑ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!

ስለዚህ የመምህራን ኮሚቴያችን በሚቀጥለው ስብሰባ ሁለት ነገር ብቻ እንዲያነሳ ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛው፣ የኮንትራት ክፍተት እንዳይኖር የአሮጌው ማብቂያና የአዲሱ መጀመሪያ እንዲገጥሙ፤ ካልተቻለ ክፍተቱ በዕረፍት ወራት ላይ እንዲውል። ሁለተኛው፣ የ3 በመቶ የሕክምና ቋት ከሁለቱም ወገን እንዲጀመር። የመዋጮው ሒሳብ በየወሩ ሠሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ገንዘብ ያዡም በምርጫ ይሁን። እድር የሚፈርሰው በድህነት ሳይሆን በሒሳብ ጉድለት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

ለተማሪዎቼም አንድ ቃል አለኝ። ያቺ ልጅ የጠየቀችውን ጥያቄ አልረሳሁትም። መልሱ ይኸው፤ ሦስታችንም ያንኑ መቶኛ እናስተምራለን፣ ግን የአንዳችን መደብ ናይሮቢ፣ የአንዳችን ወረዳ፣ የአንዳችን ደግሞ በየዓመቱ በሚታደስ ወረቀት ላይ ነው። ይህን የሚለውጥ ሰው ደግሞ በጀት ማንበብ የሚችል ሰው ነው። መቶኛን በደንብ አጥኑት። ከናንተ አንዱ ነገ ያንን መስመር የሚጽፍ ይሆናል።

የጥያቄው መልስ፦ ከ6,940 ወደ 11,500 ጭማሪው 4,560 ብር ነው፤ ለ6,940 ሲካፈል ወደ 65.7 በመቶ ይመጣል። ሠርታችሁ ካልመጣላችሁ ዕረፍት ሰዓት ላይ ኑና አብረን እንሠራዋለን።

ሰላም ሁኑ።